የጽጌ ልብ

ባለፈው ሳምንት የልብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ልቤ ካለፈው በጋ ጀምሮ እንዳሻው መምታት ይዟል፤ አንዳንዴ ይጋልባል፣ አንዳንዴ ደግሞ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው መንገደኛ ቀጥ ይላል። በእኔ ዕድሜ የተለመደ ሕመም ነው፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሐኪሙ ደም የሚያቀጥን ክኒን አዘዘልኝና አወሳሰዱን እንድታስረዳኝ ወደ ነርሷ ክፍል መራኝ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ የእኔን ልጅ ታክላለች።

«ዕድለኛ ነሽ» አለችኝ፤ እዚህ አገር ለሽማግሌም ለሕፃንም «አንቺ» ነው። «ዱሮ የነበረው መድኃኒት አስቸጋሪ ነበር። በየጊዜው ለምርመራ ደም መስጠት አለ፣ የሚበላውን መጠንቀቅ አለ። ይሄኛው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው፤ በቃ። ጎመን እንኳ እንዳሻሽ መብላት ትችያለሽ።»

ጎመን ስትል ዕንባዬ መጣ። ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። ልጅቷ መድኃኒቱን የፈራሁ መሰላት፤ እጄን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ፣ በጣም ቀላል ነው» አለችኝ። ያስለቀሰኝም ይኸው ቀላልነቱ ነው። ዕድሜዬን በላቦራቶሪ የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ ክኒኑ ከእሷ ብዙም ያነሰ አላውቅም ነበር፤ እሷ ግን ስለ ጽጌ የምታውቀው ነገር አልነበረም። አመስግኜ ወጣሁና ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው አውቶቡስ ማቆሚያ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም ለትምህርት መጥቼ ፍሌሚንግስበርግ በሚገኝ የተማሪዎች ሕንፃ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። የላቦራቶሪ ትምህርት ነበር የምማረው። ሳምንቱን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ሥር የሰው ደም ሳይ እውልና እሑድ እሑድ ከደሙ ባለቤት፣ ከሰው ጋር ለመገናኘት ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ የእኛ አልነበረም፤ ከስዊድኖቹ የምንዋሰው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ወርደን በአንድነት እንበላለን፣ እናወራለን፣ ከዚያ ወንበሩን አጣጥፈን፣ ወለሉን ጠርገን ለባለቤቶቹ እናስረክባለን።

እትዬ ብርነሽን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። የጉለሌ ሰው ናቸው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ማእድ ቤት ይሠሩ ነበር። ብሬዴንግ በሚባለው ሰፈር፣ ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ በላይ ካሉት የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሊፍቱ ሁልጊዜ በሚበላሽበት፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ቤታቸው ግን ሰው አጥቶ አያውቅም። በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ የዛፉ ቅጠል ቢጫ በሆነበት አንድ እሑድ፣ ወንበር ሳጣጥፍ መጡና ክንዴን ያዙኝ።

«መሲ፣ አንቺ የሐኪም ቤት ትምህርት ነው አይደል የምትማሪው?»

«አዎ እትዬ፤ ግን ሐኪም አይደለሁም፤ ላቦራቶሪ ነው።»

«ይሁን። እኔ ዘንድ የተጠጋች ልጅ አለች። ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ደግሞ ተጋድማ መተኛት አትችልም፤ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብላት እግሬን ስማ ለመነችኝ፤ ወረቀት የላትም።»

ልጅቱ ጽጌ ነበረች። የደብረ ታቦር አካባቢ ልጅ ናት። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኛነት ሄዳ፣ አሠሪዎቿ የበጋውን ሙቀት ሽሽት ወደ ስቶክሆልም ሲመጡ ልጆቻቸውን እንድትጠብቅላቸው ይዘዋት መጡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ከመናፈሻው ወደ እናታቸው መልሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ዳቦ ልግዛ ብላ እንደ ወጣች ቀረች። ጥገኝነት ጠየቀች፤ አልተቀበሏትም። ይግባኝ አለች፤ አልተቀበሏትም። ከዚያ በኋላ በሕግ ፊት የሌለች ሰው ሆነች። ሳያት ቀጭን፣ ጠይም፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ከንፈሯ እንደ በረደው ሰው ሰማያዊ ያዘለ ነበር። ቀልደኛ መሆኗን ግን ቶሎ አወቅሁ። ከምድር ቤት ወደ በሩ የሚያወጡትን ጥቂት ደረጃዎች ሁለት ጊዜ ቆማ ስትወጣ፣ «መሲዬ፣ የጉና ተራራ ልጅ ነኝ ብዬ ለማን አወራለሁ ከእንግዲህ?» አለችኝ።

በከተማው ውስጥ ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች በነጻ የሚያክሙ ሐኪሞች መኖራቸውን ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሰምቼ ነበር። አድራሻው አይጻፍም፤ በአፍ ነው የሚነገረው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሐኪሞቹም ነርሶቹም ከሥራቸው ሲወጡ፣ በተዋሱት ጥቂት ክፍል ይሰበሰባሉ። ጽጌን ይዤ የሄድኩ ቀን ኮሪደሩ ሞልቶ ነበር። እርጥብ የሱፍ ካፖርት ይሸታል፣ እጅ የሚታጠብበት አልኮል ይሸታል። ጉንጩ ያበጠ ሽማግሌ መንጋጋውን በሻርፕ አስሮ ተቀምጧል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ግድግዳ ተደግፋለች፤ አንድ አባት የሚያስል ሕፃን ታቅፎ ወዲያና ወዲህ ይላል። የየት አገር ሰው እንደሆኑ አይጠያየቁም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ቀና ይሉና፣ የመጣው እንደነሱው በሽተኛ መሆኑን ሲያዩ መልሰው ያቀረቅራሉ።

ዶክተር ኢንግሪድ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ረጅም፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ነበረች። ጽጌ ስታናግራት «እርስዎ» ትላለች፤ እኔ ወደ ስዊድንኛ ስመልሰው አክብሮቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቋንቋቸው የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ኢንግሪድ ማዳመጫውን የጽጌ ደረት ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ከዚያ ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ታማ እንደሆነ እንድጠይቅላት ነገረችኝ።

«እንዴታ!» አለች ጽጌ። «ጉሮሮዬን ሲያመኝ እንጥሌን አስቆረጡኝ። ከዚያ ጉልበቴ አበጠ፣ ክርኔ አበጠ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ተኛሁ። ተነሣሁ፣ ዳንኩ።»

አልዳነችም። ጉሮሮዋን ያመማት ነገር ልቧ ድረስ ወርዶ በውስጡ ያለችውን በር፣ ቫልቭ የሚሏትን፣ አጣብቋት ነበር። ደሙ በጠባቡ መውጫ አላልፍ ሲል ወደ ሳንባዋ ይመለሳል፤ ተጋድማ መተኛት ያቃታት ለዚህ ነው። ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ ጥቂት ፔኒሲሊን ብታገኝ ኖሮ የማይመጣ በሽታ ነው። ኢንግሪድ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ የአስተማሪ ነበር፤ ጽጌን አየት አድርጋ ግን አንገቷን ደፋች። «መቀየር አለበት። በቀዶ ሕክምና።»

ቀዶ ሕክምና ደግሞ በተዋሱት ክፍል አይሠራም። ኢንግሪድ ስልክ ያልመታችለት ሰው አልነበረም። መልሱ አንድ ነበር፤ ነዋሪነት ለሌለው ሰው በቀጠሮ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አይፈቀድም፤ ነፍስ የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ከሆነ ግን ይቀበሏታል።

«ድንገተኛ እስኪሆን እንጠብቅ ማለት ነው?» አልኳት።

«እስኪሆን» አለች ኢንግሪድ።

ስለዚህ ጠበቅን። ጥቅምትና ኅዳር አንድ ሰው በዓይናችን ፊት በቂ ያህል እስኪታመም ጠበቅን። እንዲህ ያለ መጠበቅ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ መናገር አልችልበትም። እትዬ ብርነሽ ትራስ በትራስ ላይ ይደራርቡላታል፤ እሷ ቁጭ ብላ ታስላለች። ውጭ በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። እየመጣሁ እግሯን በጣቴ እጫናለሁ፤ ጣቴ የገባበት ጎድጉዶ ይቀራል። ኢንግሪድ የሰጠቻትን የሽንት መድኃኒት ትውጣለች፤ ትንሽ ይሻላታል፤ ሲሻላት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው ራቀች ማለት ነው። ሲሻላት ማዘን፣ ሲብስባት ተስፋ ማድረግ፤ እንዲያ ያለ ኅዳር ነበር።

በታኅሣሥ በረዶው ጉልበት ድረስ በደረሰበት አንድ ቀን እትዬ ብርነሽ ደወሉልኝ። «ነይ፣ ልጅቱ አረፋ እያስተፋት ነው፤ አምቡላንስ አይጥሩ ትለኛለች።» አምቡላንሱን እኔ ጠርቼ በባቡር ሮጥኩ። ስደርስ ሁለት ሰዎች በወንበር አስቀምጠዋት ደረጃውን እያወረዷት ነበር፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። ከአፏ የሚወጣው አረፋ ቀይ ነክቶታል። ስታየኝ ጭምብሉን ገፋ አድርጋ፣ «ፖሊስ ነው ሐኪም?» አለችኝ። «ሐኪም ነው» አልኳት። «ሁለቱም የደንብ ልብስ ይለብሳሉኮ» አለች።

ቀዶ ሕክምናው በማግሥቱ ተሠራ። የሠራላት ሰው ማን እንደሆነች አልጠየቀም፤ ልቧን ከፍቶ የተበላሸውን በር አውጥቶ በምትኩ ከብረትና ከካርቦን የተሠራ በር አስገባላት። ዕድሜ ልኳን የሚያገለግል ነው አለን። እውነቱን ነው።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ የነበሩት ወራት ከሕይወቴ ደስ ካሉኝ ወራት ውስጥ ናቸው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም መጨረሻውን አውቃለሁ። ጽጌ ከንፈሯ ቀላ። ተጋድማ ተኛች። እስከ እትዬ ብርነሽ በር ድረስ ያለውን ደረጃ ሳትቆም ወጥታ፣ ላይ ደርሳ ዘወር ብላ እጇን እንደ አሸናፊ ሯጭ አነሣች። አዲሱ የልቧ በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ድምፅ ነበረው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ጧ፣ ጧ ሲል ይሰማል። አንድ ቀን ባቡር ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሕፃን ጆሮውን ወደ ደረቷ አስጠግቶ እናቱን በመገረም አየ፤ ጽጌ በአማርኛ «ውስጥ የተቀመጠች አናጢ አለች፣ ሥራ አትፈታም» አለችው። ልጁ ሳቀ፤ የገባው ይመስል።

ይሁንና ያች የብረት በር አንድ አደራ ነበራት። ደም ባገኘው ባዕድ ነገር ላይ ይረጋል። እንዳይረጋ ጽጌ በየቀኑ ደም የሚያቀጥን ክኒን መዋጥ ነበረባት፤ ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ይረጋል፤ ልኩን ለማወቅ ደግሞ በየሳምንቱ ደም መለካት ያስፈልጋል። ያ የእኔ ሥራ ሆነ። ማክሰኞ ጠዋት ጠዋት ወደ ብሬዴንግ እሄዳለሁ፤ ደም እቀዳለሁ፤ ኢንግሪድ ታስመረምረዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ደውዬ በዚያ ሳምንት ስንት ክኒን እንደምትውጥ ለጽጌ እነግራታለሁ። ደም ሥሯ ቀጭን ነበር። እጇን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ትጠብቀኛለች።

ሁዳዴ ሲገባ ልኩ ተበላሸ። ደሟ ወፈረ። ኢንግሪድ ክኒኑን ጨመረች፤ መልሶ ወፈረ። ምን እየበላች እንደሆነ እንድጠይቃት ነገረችኝ። ምን ትበላለች? ጾም ነው፤ እትዬ ብርነሽ ጎመን ይሠሩላታል። እዚህ ክረምት በረዶ ውስጥ የሚቆመውን ጥቅልል ቅጠል ያለውን ጎመን ገዝተው፣ ቀቅለው፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አሽተው፣ ቃሪያ ሰንጥቀው፣ ጠዋትም ማታም ያቀርቡላታል። ጎመን ደግሞ መድኃኒቱን ይቃወመዋል።

«ጾሙን ልፍታ?» አለች ጽጌ፤ ዕንባዋ ደርሶ ነበር። «ልቤን በሰጠኝ አምላክ ላይ?»

እንዴት አድርጌ ለኢንግሪድ እንደምተረጉመው ጨነቀኝ። እግዚአብሔርን የማታምን ሴት ነበረች። ሰምታ ሰምታ፣ «በይ ንገሪያት» አለችኝ፤ «ጎመኗን ትብላ። ግን በየቀኑ እኩል ትብላ፤ ዛሬ ብዙ፣ ነገ ጥቂት እንዳይሆን። መድኃኒቱን እኛ ከጎመኑ ጋር እናስማማዋለን።» ለጽጌ ስነግራት እጇን ዘርግታ የኢንግሪድን ጉልበት ነካች። ኢንግሪድ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፤ ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ።

ፋሲካ አለፈ። ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ጀመሩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደረጃውን ስወጣ የእትዬ ብርነሽ በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ማእድ ቤት ውስጥ በሳሕን የተሞላ ሙቅ ውኃ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ነካሁት፣ ገና አልበረደም። ጽጌ ግን አልነበረችም። ጎረቤትየዋ በሯን በጥቂቱ ከፍታ፣ ፖሊሶች መጥተው እንደወሰዷት፣ ልጅቷ ሳትጮህ አብራቸው እንደወረደች ነገረችኝ።

ሜርስታ አካባቢ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው ፎርቫር፣ ሰዎችን ከማባረራቸው በፊት ከሚያቆዩበት ቤት፣ አገኘናት። ከኢንግሪድ ጋር ነበር የሄድኩት። ንጹሕ ክፍል ነው፤ ምንጣፍ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፤ ጠባቂዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። ክፉ ሰው ብናገኝ ይቀለን ነበር። ጽጌ እትዬ ብርነሽ የሠሩላትን ሹራብ ለብሳ ተቀምጣለች።

«በር ሲንኳኳ አንቺ መስለሽኝ ነው የከፈትኩት» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አይታ ቶሎ ብላ፣ «እንዲያው ስነግርሽ ነው እንጂ፣ አንቺን ልወቅስ ብዬ አይደለም» አለች።

ኢንግሪድ ልጅቱ ያለ ክትትል ብትላክ እንደምትሞት ለስደተኞች መሥሪያ ቤቱ ጽፋ ነበር። መልሱ መጥቷል፤ መድኃኒቱም ምርመራውም በአገሯ ዋና ከተማ ይገኛል፣ ስለዚህ የምትባረርበትን ውሳኔ የሚያስቀይር ነገር የለም ይላል። ሐሰት የለበትም። አዲስ አበባ ላይ ይገኛል። ጽጌ ግን የአዲስ አበባ ልጅ አይደለችም፤ አዲስ አበባን ያየቻት ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ነው።

ኢንግሪድ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ክኒን ይዛ መጥታ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ደም ቀዳሁላት፤ እጇን የምትነክርበት ሙቅ ውኃ ስላልነበረ በመዳፌ አሸሁት። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ድድሽ ቢደማ፣ ሽንትሽ ቢቀላ እንዲህ አድርጊ። አክስቴ ኮተቤ ናት፤ ደውዬላታለሁ፤ እሷ ዘንድ ትቀመጫለሽ፤ በየወሩ ትልቁ ሆስፒታል ትወስድሻለች። ከአዲስ አበባ እንዳትወጪ።

«እናቴስ?»

«እናትሽ ትምጣ።»

«እናቴ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም፣ መሲዬ።»

ኢንግሪድ ምን እንደምንባባል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ትጠርገው ጀመር፤ ጠርጋ ጨርሳም ብዙ ጊዜ አላጠለቀችውም። ጽጌ ተነሥታ በስዊድንኛ፣ እትዬ ብርነሽ ያስተማሯትን አንዲት ቃል፣ «ታክ» አለቻት። አመሰግናለሁ ማለት ነው።

አክስቴ ቃሏን ጠበቀች። ጽጌ ኮተቤ ተቀመጠች፤ በየወሩ ተመረመረች፤ አክስቴን እንጀራ በመጋገርም ልብስ በማጠብም እየረዳች፣ ስደውል በቀልዷ እያሳቀችኝ ዓመቱ ሊሞላ ተቃረበ። እንደምትኖር ማመን ጀምሬ ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ እናቷ በጠና ታማለች የሚል መልእክት ደረሳት። አክስቴ ልትከለክላት ሞከረች። ማንን ከማን? ከዓረብ አገር እስከ ስቶክሆልም ድረስ እናቷን ያላየች ልጅ ናት። ክኒኗን ቋጥራ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

እናትየዋ ዳነች። ጽጌ ልትመለስ ስትል ክረምቱ ገባ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከባድ ነበር፤ በመንደሯና በመኪናው መንገድ መካከል ያለው ወንዝ ድልድዩን ወሰደው። ውኃው እስኪጎድል ጠበቀች። ክኒኗ አለቀ። በአካባቢው ላለው ጤና ጣቢያ ሠራተኞች ባዶውን ማሸጊያ ብታሳያቸው እንዲህ ያለ መድኃኒት ከነጭራሹ አይተው አያውቁም። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ግማሽ ጎኗ ዛለ፣ አፏ ተያዘ፤ ወንዙን በቃሬዛ ሊያሻግሯት ሲሉ አረፈች። አክስቴ ስልክ ላይ ይህን ስትነግረኝ እኔ ማዕድ ቤት ቆሜ ነበር፤ ውጭ የስቶክሆልም በጋ፣ ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ ተጋድሟል።

ለኢንግሪድ የነገርኳት በዚያ ሳምንት፣ እዚያው በተዋሱት ክፍል ነው። ካፖርቷን ገና አላወለቀችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጠረጴዛው ላይ ማዳመጫውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ውጭ ኮሪደሩ እንደ ልማዱ ሞልቷል፤ ሕፃን ያለቅሳል። እኔን ሳታየኝ፣ «የሚቀጥለውን ሰው አስገቢ» አለች። አስገባሁ። ምን ማድረግ ይቻላል? እስክታረጅ ድረስ እንዲሁ ስታስገባ ኖረች፤ እኔም አብሬያት ብዙ ዓመት ተረጎምኩ። ያዳንናቸው አሉ። የት እንደደረሱ የማላውቃቸው ይበዛሉ።

ከዓመታት በኋላ አገር ቤት ስገባ ደብረ ታቦር ድረስ ሄድኩ። ከዚያ በእግር ነው። በጋ ስለነበር ያ ወንዝ ድንጋይ ለድንጋይ ተረግጦ የሚታለፍ ቀጭን ውኃ ነበር፤ ጫማዬ እንኳ አልራሰም። የጽጌ እናት ቆብ ጭነው፣ መንኩሰው አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ። አሻሮ የሚሸት ጠላ አቀረቡልኝ፤ ጽጌን የሚመስል አፍንጫ ነበራቸው።

«አንድ ላይ ነበር የምንተኛው» አሉኝ። «ያን ድምፁን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። መጀመሪያ አስፈርቶኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ድምፁ እየታፈነ ሄደ። ‹ምነው ልጄ፣ ልብሽ ዝም አለ› ስላት ‹አናጢዋ ደክሟት ነው እማ› አለችኝ።»

ውጭ ገብስ ይወቃ ነበር፤ በሬዎቹን የሚነዳው ሰው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እጄን ሳይለቁ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲያው ሰው መንገድ እንደሚጠይቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና፤ ካልጠበቃችኋት ለምን አዳናችኋት?»

ሐኪሟ ብዙ እንደለፋች፣ የሠራላት ሰው ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ልቧን እንደጠገነላት፣ ወደ አገሯ የላኳት ሰዎች ሌሎች እንደሆኑ፣ ይህንን ሁሉ ልነግራቸው እችል ነበር። ለእሳቸው ግን ሁላችንም አንድ አገር ነን፤ በአንድ እጁ ልጃቸውን ያነሣ፣ በሌላው የጣለ። እሳቸው ትክክል ይመስሉኛል።

ዛሬ ሕጉ ተሻሽሏል ይላሉ፤ ያኔ የተከለከለው አሁን በከፊል ይፈቀዳል። እውነት ነው፤ እኔም አይቻለሁ። ጽጌ በዚህ ዘመን ብትመጣ ኅዳርን ሙሉ እስክትታመም አንጠብቅ ይሆናል። ቀጥሎ ወዴት እንደምትላክ ግን የሚጠይቅ ሐኪም የለም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት ሌላ ነው።

ሦስተኛው አውቶቡስ ሲመጣ ተነሥቼ ተሳፈርኩ። ዕድሜዬን ስተረጉም ስለኖርኩ አንድ ልማድ አለኝ፤ የሰማሁት ነገር ሳላስበው በአእምሮዬ ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞራል። የእናትየዋን ጥያቄ ስንት ጊዜ ወደ ስዊድንኛ እንደመለስኩት አላውቅም። ቃላቱ ቀላል ናቸው፣ ምንም የሚያደናግር የለባቸውም፤ ሕፃን እንኳ ይረዳቸዋል። ለማን እንደማደርሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።